ከተማው ሲያድግ ሰፈራችን የት ነው? ዕድገትና ወንጀል በነታንያ



ለቅሶ ላይም ሆነ ሰርግ ላይ ስንገናኝ፣ ቡና ተፈልቶ ወሬ ሲጀመር አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። «ነታንያ እንዲህ እያደገች፣ ፎቁ ሰማይ እየነካ፣ ገንዘቡ እየበዛ፣ ታዲያ ልጆቻችን ለምን አሁንም በፖሊስ እጅ ይወድቃሉ?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ነው። ዛሬ በእርጋታ ልናየው ፈለግን።

በመካከላችን ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። አንዱ ወገን «ድህነት ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ከተማው ሲያድግ፣ ሥራ ሲበዛ ወንጀሉም ራሱ ይጠፋል» ይላል። ሌላው ደግሞ «የለም፣ ልጆቹ ጠግበው ነው፤ ፖሊስ ይብዛልን» ይላል። እኛ ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው እንላለን። በግማሽ እውነት ደግሞ ልጅ አይድንም።

እስቲ መጀመሪያ ከተማችንን እንይ። ነታንያ በ1929 ስትቆረቆር በአሸዋ መሃል ያለች የብርቱካን መንደር ነበረች። ቀጥሎ ከቤልጂየም የመጡ ስደተኞች የአልማዝ ሥራ ይዘው መጡ፣ ከተማዋም በእሱ ታወቀች። ዛሬ ደግሞ ሌላ ከተማ ናት። በአገሩ የመጀመሪያው የአይኬአ ሱቅ በ2001 የተከፈተው እዚሁ በፖለግ ነው። ትልቁ ስታዲየም በ2012 ተከፈተ። ዒር ያሚም ተሠራ፣ በባሕሩ ዳር ፎቅ በፎቅ ላይ ተደረደረ፣ ከፈረንሳይና ከሌላም አገር ገንዘብ ያለው ሰው መጣ። ይሄ ሁሉ ዕድገት ነው፤ ማንም አይክደውም።

ግን በእነዚያው ዓመታት፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ የነታንያ ስም በዜና የሚነሳው ከባሕሯ ይልቅ በወንጀል ድርጅቶች ነበር። በመኪና ላይ ፈንጂ ማጥመድ፣ በመንገድ ላይ መተኳኮስ፣ ከነጋዴ በግድ ገንዘብ መቀበል፣ ሁሉም ነበር። ልብ በሉ፣ እነዚያን ድርጅቶች የመሩት ረሃብተኞች አልነበሩም፤ ከእኛ ሰፈርም አልነበሩም። ከተማው ሲያድግ እነሱም አብረው አደጉ። ለምን ቢባል፣ ገንዘብ ባለበት የሚወሰድ ነገር አለ፤ ሱቅ ሲከፈት «ጠባቂ ነን» የሚል ይመጣል፤ ቁማር ሲስፋፋ አበዳሪ ይመጣል። ያንን ያቀዘቀዘው የሕንፃው ብዛት አልነበረም። መንግሥት በ2003 የወንጀል ድርጅቶችን የሚዋጋ ልዩ ሕግ አወጣ፣ ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ ተከታተሉ፣ ትልልቆቹ ታሰሩ። ስለዚህ ዕድገት ብቻውን ወንጀልን አያጠፋም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ይመግበዋል።

ይሄ የነታንያ ብቻ ነገር አይደለም። አሜሪካን ብናይ፣ በ1960ዎቹ ኢኮኖሚው በጣም ሲያድግ ወንጀልም አብሮ ጨመረ። በ2008 ደግሞ ባንኮች ሲወድቁ፣ ብዙ ሕዝብ ከሥራ ሲወጣ፣ ወንጀል ይጨምራል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ እሱ ግን መቀነሱን ቀጠለ። ድህነትና ወንጀል እንደ ጥላና እንደ ሰው አብረው የሚሄዱ ቢሆኑ ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር።

ለዚህ ደግሞ ምስክር ከሩቅ መፈለግ የለብንም። ምስክሮቹ እናንተ ናችሁ፣ ሽማግሌዎቻችን። በወለቃና በአምቦበር፣ በወገራና በደምቢያ፣ በሰሜንና በትግራይ የኖርነው ኑሮ የድሎት አልነበረም። አብዛኛው ሰው ርስት የለውም፤ የሰው መሬት በእርሻ ይይዛል፣ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸማ ይሠራል፣ እናቶች ሸክላ ይሠራሉ። በጎተራው ያለው ከክረምት ክረምት ካደረሰ ተመስገን ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ልጅ አጥፊ የሚሆነው ስንት ጊዜ ነበር? ፖሊስ ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ በሩ ግን ቁልፍ የለውም።

ምን ነበር የጠበቀን? ሰው ነበር። የጎረቤት እናት ልጅህን ሲያጠፋ ብታየው ገሥጻ ትልክልሃለች፤ አንተም «ምን አገባሽ» አትላትም፣ ታመሰግናታለህ። ቄሱና ሽማግሌው ከተናገሩ ነገሩ ያበቃል። ከብት ቢጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ አገሬው ተሰብስቦ ያየ የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አውጫጭኝ ንጹሕ ሰውም የጎዳበት ጊዜ ስላለ ይመለስ አንልም። ግን በውስጡ አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ የአንዱ ልጅ ጥፋት የሁሉም ጉዳይ ነው። በድህነታችን ላይ ይሄ ሀብት ነበረን።

ታዲያ እዚህ ምን ተለወጠ? በኪሳችን ያለው ገንዘብ ከዚያ ጊዜ ይበልጣል። ውሃው ከቧንቧ፣ መብራቱ ከግድግዳ ይመጣል፣ ሐኪሙ ቅርብ ነው። ግን ሁለት ነገር ተለወጠብን።

አንደኛው ልዩነቱ ነው። በመንደራችን ጎረቤትህ ሁለት በሬ ካለው አንተ አንድ ይኖርሃል፤ የሚያቃጥል ልዩነት አልነበረም። እዚህ ግን ልጁ ከሄፍጺባ ወይም ከአዞሪም አውቶቡስ ተሳፍሮ ከደቂቃዎች በኋላ ዒር ያሚም ይደርሳል። የሚያየው መኪና፣ የሚያየው ጫማ፣ የሚያየው ስልክ ሁሉ «አንተም ይሄ ሊኖርህ ይገባል» ይለዋል። ትምህርት ቤቱም ቴሌቪዥኑም ያንኑ ይሉታል። ሮበርት መርተን የሚባል አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ተመራማሪ በ1938 ይሄንን ጽፎታል፦ አንድ አገር ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ግብ እያሳየ ወደ ግቡ የሚወስደውን መንገድ ለጥቂቱ ብቻ ከከፈተ፣ ከቀሩት አንዳንዱ አቋራጭ ይፈልጋል። ሰውን የሚያበላሸው ማጣቱ ብቻ አይደለም። በሩ ክፍት ነው እየተባለ ሲገፋው ተዘግቶ ማግኘቱ ነው።

ሁለተኛው የእኛ የወላጆች ቦታ ነው። አባት ሌሊት ሽሚራ ያድራል፣ እናት በጠዋት ተነስታ ለኒካዮን ትወጣለች። የዒሪያውን ደብዳቤ የሚያነበው ልጁ ነው፤ በባንኩም በኩፓት ሖሊምም የሚያስተረጉመው ልጁ ነው። የ11 ዓመት ልጅ የቤቱን ዕዳ ያውቃል፣ የአባቱን ሐፍረት ያያል። እንዲህ ከሆነ በኋላ አባቱ «ከዚህ ሰዓት በኋላ አትውጣ» ሲለው ቃሉ እንደ ድሮው አይከብደውም። ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ማታ ድረስ ደግሞ ቤት ውስጥ ማንም የለም። ያ ሰዓት የሽኩናው ሰዓት ነው።

አሁን ደግሞ ወደሚያመን ነገር እንምጣ። በነሐሴ 2016 የዚያን ጊዜው የፖሊስ አዛዥ ሮኒ አልሼይኽ በጠበቆች ስብሰባ ላይ ተጠይቀው፣ በጥናት ስደተኞች በወንጀል የበለጠ ስለሚገኙ ፖሊስ የእኛን ወጣት ከሌላው በላይ ቢጠረጥር ተፈጥሯዊ ነው የሚል መልስ ሰጡ። ያንን ስንሰማ ብዙዎቻችን ያስታወስነው አንድ የድሮ ቃል ነው። በአገር ቤት ቡዳ ተባልን፤ የአንድ ሰው ልጅ ሲታመም አንጥረኛው በላው ይባል ነበር። እዚህ ደግሞ ሐሹድ ሆንን። ስሙ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ ሕዝብን በጅምላ መጠርጠር።

ጥናትም ከተባለ ሌላ ጥናት አለ። ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ መኬይ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የቺካጎን ከተማ የብዙ ዓመት የወጣት ጥፋት መዝገብ ይዘው በካርታ ላይ አስቀመጡት፤ በ1942 መጽሐፍ አድርገው አወጡት። ምን አገኙ? በአንድ ሰፈር መጀመሪያ ጀርመንና አይሪሽ ይኖሩ ነበር፤ እነሱ ሲወጡ ፖላንዱና ጣሊያኑ ገባ፤ ሕዝቡ ተለዋወጠ፣ የጥፋቱ ብዛት ግን እዚያው ሰፈር ቀረ። ከሰፈሩ የወጡት ሰዎች ልጆች ደግሞ እንደ ማንም ሰላማዊ ሆኑ። ስለዚህ ነገሩ ያለው በደም ሳይሆን በቦታው ነው ማለት ነው። እዚህ አገርም ያየነው ይሄንኑ ነው። ከእኛ በፊት ከሞሮኮ የመጡት ወጣቶች ወንጀለኛ ይባሉ ነበር፤ በ1990ዎቹ ከሩሲያ የመጡት ማፍያ ተባሉ። ስሙ ከአንዱ ስደተኛ ወደሌላው ይሸጋገራል፤ ያረጀው ሰፈር ግን እዚያው ነው።

በዚሁ በ2016 በኤሚ ፓልሞር የተመራው የመንግሥት ኮሚቴ፣ በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ የሚደረገውን ዘረኝነት መርምሮ፣ ወጣቶቻችን ከቁጥራችን በላይ እንደሚታሰሩና እንደሚከሰሱ በጽሑፍ አመነ። እኛ ከአገሩ ሕዝብ 2 ከመቶ እንኳ አንሞላም። ከነታንያ ብዙ በማይርቀው በኦፌክ የወጣቶች እስር ቤት ግን የልጆቻችን ብዛት ከዚያ ብዙ እጥፍ የሆነባቸው ዓመታት ነበሩ። በ2015ም በ2019ም አደባባይ የወጣነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ማቆም የለብንም። «ሁሉም ዘረኝነት ነው» ብለን ከተኛን ልጆቻችንን ለሌላ አዳኝ እንተዋቸዋለን። ምክንያቱም ዕድገቱ ራሱ አዲስ ወጥመድ አምጥቷል።

ዛሬ ዕፅ የሚሸጠው በጨለማ ጥግ አይደለም፤ በስልክ ነው። ቴሌግራስ የሚባለውን በቴሌግራም የሚሠራ መረብ ታስታውሱታላችሁ፤ መሪዎቹ በ2019 ተይዘዋል። መረቡ ቢበጠስም መንገዱ ቀርቷል። ገዢው ማነው? ገንዘብ ያለው ነው፤ በፎቅ ላይ የሚኖር፣ ደህና ሥራ ያለው፣ ማንም መንገድ ላይ አስቁሞ የማይፈትሸው ሰው ነው። ሻጩም ቤቱ ተቀምጧል። አደጋውን በኪሱ ይዞ በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚዞረው ሻሊያሁ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንዘብ የቸገረው የሰፈር ልጅ ነው። «ዝም ብለህ ይሄንን አድርስ፣ ይሄን ያህል ሼቄል አለህ» ይሉታል። ትርፉ ለሌላ፣ ቲኩ ለእኛ ልጅ። ከተማው በገንዘብ ባደገ ቁጥር ገዢው ይበዛል፤ የእኛ ልጅ መንገድ ካልተከፈተለት አድራሽ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ወጥመድ ብድር ነው። ባንክ ሲከለክል፣ ሰርግ ሲደርስ፣ ሥራ ሲቋረጥ፣ ሹክ አፎር የሚባለው አበዳሪ በሩ ክፍት ነው። ወረቀት አይጠይቅም፣ አማላጅ አይፈልግም። መክፈል ሲያቅት ግን ወደ ቤት ይመጣሉ፤ አንዳንዴም «ልጅህ ይሥራልንና ዕዳው ይቀነስ» ይላሉ። የአረብ ወገኖችን ከተሞች እዩ፤ በ2023 ብቻ ከ200 በላይ ሰዎቻቸው ተገደሉ። ብዙ ምክንያት አለው፣ አንዱ ግን ባንክ የማያበድረውን ሕዝብ የወንጀል ድርጅት ማበደሩ ነው። ጎረቤት ሲታማ ለኔ ብለህ ስማ ይባል የለ? ስለዚህ ወገኖች፣ ለሰርግና ለተስካር ብላችሁ ከእነዚህ ሰዎች አንድ ሼቄል አትውሰዱ። ድግሱ ቢያንስ ሰው ያማል፤ ዕዳው ቢበዛ ልጅ ይወስዳል።

አሁን ስለ ቲክ እንናገር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ያገራችን ሰው። በ15 ዓመቱ ከፖሊስ ጋር የተጨቃጨቀ ልጅ፣ በ18 ዓመቱ ጻሃል ሲሄድ ያ ወረቀት ይጠብቀዋል፤ ደህና ክፍል ላያስገባው ይችላል። በ22 ዓመቱ ሥራ ሲፈልግም ይጠብቀዋል። ከተማው ያደገው ለእሱ አይደለም ማለት ነው። ሥራ የማጣትና የማጥፋት ክብ የሚዞረው እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ በሩን ይዘጋል፣ የተዘጋው በር ወደ ሽኩናው ይመልሰዋል።

ስለዚህ ሁሉም ወላጅ እነዚህን ነገሮች ይወቅ፤ ያልሰማ ካለም ንገሩት።

ልጃችሁ ለምርመራ ሲጠራ ከምርመራው በፊት ጠበቃ የማማከር መብት አለው። ገንዘብ ከሌላችሁ ሳኔጎሪያ ጺቡሪት የሚባለው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አለ። ልጁ ያልታሰረ ከሆነ፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ወላጅ በምርመራው ላይ አብሮ መገኘት ይችላል። «ዕብራይስጥ አላውቅም» ብላችሁ አትቅሩ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

መዝገቡ ሲዘጋ ደግሞ «ተዘጋ» ሲሏችሁ «በምን ምክንያት?» በሉ። «ሖሰር አሽማ» ማለትም ጥፋት የለበትም ተብሎ ከተዘጋ ከፖሊስ መዝገብ ይሰረዛል። «ሖሰር ራአዮት» ማለትም ማስረጃ አነሰ ተብሎ ከተዘጋ ግን ይቀራል፤ ምክንያቱ እንዲለወጥ ግን በጠበቃ ማመልከት ይቻላል። ብዙ ቤተሰብ ይሄንን ልዩነት ባለማወቁ ንጹሕ ልጁ ወረቀት ተሸክሞ ይዞራል።

መንገድ ላይ መታወቂያ መጠየቅም እንደ ድሮው አይደለም። ጠበቃ የተባለው ድርጅት ለባጋጽ አቤት ብሎ፣ በ2021 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰውን አስቁሞ መታወቂያ መጠየቅ አይችልም ብሎ ፈርዷል። ይሄ ለልጆቻችን መጨቃጨቂያ ሳይሆን መተማመኛ ይሁናቸው። በእርጋታ «ለምንድን ነው የጠየቅከኝ?» ብለው ይጠይቁ፤ እጅ አይሰንዝሩ፣ አይሳደቡ። በመጀመሪያ ምንም ያላጠፋ ልጅ ቲክ የሚከፈትበት ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ በተፈጠረው ግብግብ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ፒኑይ ቢኑይ። ያረጁ ሰፈሮቻችን ፈርሰው ፎቅ ሊሆኑ ነው ሲባል ብዙዎች ይደሰታሉ፤ ደስ ማለቱም ተገቢ ነው፣ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ለሽማግሌ መከራ ነው። ግን ቫዓድ ባይቱ ስንት ይሆናል? አርኖናውስ? በጡረታ የሚኖር ሰው መክፈል ሲያቅተው ሸጦ ይወጣል፤ አንዱ ወደ ሰሜን አንዱ ወደ ደቡብ ይበተናል። ያኔ ሰፈሩ ያማረ ይሆናል፤ ልጁን የምታውቀው ጎረቤት ግን የለችም። ወንጀል ከሰፈሩ ጠፋ ይባላል፤ እውነቱ ግን ድሃው ከሰፈሩ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ተሰብስበን፣ አንድ ጠበቃ ይዘን፣ ለሽማግሌዎች የቤት ወጪ እንዲታሰብ በጽሑፍ እንጠይቅ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ብቻውን የፈረመ ብቻውን ይወጣል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? ከዒሪያው፦ በሽኩኖቻችን ያሉት ማትናሶች ምሽት ክፍት ይሁኑ፤ በባግሩት የሚረዳ አስተማሪ በየቀኑ ይኑር እንጂ በዓመት አንዴ ለፎቶ አይምጣ። በፖለግ ያሉት ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ለወጣቶቻችን የእጅ ሙያና የቴክኖሎጂ ሥልጠና በር እንዲከፍቱ ዒሪያው ያገናኝ። ከተማው የሚያድግበት ገንዘብ ከሁላችን አርኖና ነው። ከፖሊስ፦ ሕግ አስከብሩ፣ ዕፅ የሚነግደውን ትልቁን ሰው ያዙ፤ አድራሹን ልጅ ብቻ በመቁጠር ሥራ ሠራን አትበሉ።

ከራሳችንስ? «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያለውን ሰው ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጁ ያልገዛነው ጫማ፣ ያልገዛነው ስልክ ይዞ ሲገባ «ከየት አመጣኸው?» እንበል። ዝም ማለት ፍቅር አይደለም። የጎረቤት ልጅ ሲያጠፋ አይተን «አያገባኝም» አንበል፤ ሲነግሩንም አንቆጣ። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ለባልና ሚስት ጠብ የምትቀመጡትን ያህል፣ ከትምህርት ቤት ለቀረ ልጅ ደግሞ ተቀመጡ። ከእናንተ መካከል ዕብራይስጥ የሚቸግራችሁ ብትኖሩም፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱና በጻሃል መኮንን የሆኑ ልጆቻችን አሉ፤ አጠገባችሁ አስቀምጧቸው። እናንተ ቃሉን፣ እነሱ ቋንቋውን ይዛችሁ ብትሄዱ ልጁ ይሰማል፤ የትምህርት ቤቱ ሐላፊም ይሰማል።

ብዙ ነገር መሻሻሉንም አንርሳ። ባግሩት የሚይዙ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ልጆቻችን ከ20 ዓመት በፊት ከነበረው በዝተዋል። ይሄ የመጣው ፎቅ ስለተሠራ አይደለም፤ እናት በኒካዮን ገንዘብ ልጇን ስላስጠናች፣ አስተማሪ ስላመነበት፣ በር ስለተከፈተ ነው። ዕድገት ማለት ለእኛ ይሄ ነው። ነታንያ ያደገችው የሕንፃዋ ቁመት ሲለካ ሳይሆን፣ የሄፍጺባና የአዞሪም ልጅ ማታ በሰላም ወደ ቤቱ ሲገባና ጠዋት የሚሄድበት ቦታ ሲኖረው ነው።

ቸር ይግጠመን፣ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።